ድግምት፣ ድጋምና ክታብ፦ የአንድ የካርታ ጨዋታ ቃል ታሪክና የአማርኛ አቻው

አንድ ባዕድ ቃል ወደ ቋንቋችን ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው «በአማርኛ ምን ይባላል?» ተብሎ ነው። ቃሉ በተወለደበት አገር ምን ዐይነት ኑሮ እንደ ኖረ፣ የት ላይ ተሰናክሎ የት ላይ እንደ ታረመ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንመረምረው ቃል «ኢንቻንትመንት» ነው፤ ይኸውም «ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» በተባለው የካርታ ጨዋታ ውስጥ የአንድ ካርታ ዐይነት መጠሪያ ሆኖ የሚገኘው ነው።

ስለ ጨዋታ ቃል በእነዚህ ገጾች መጻፋችን የሚያስገርመው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ምክንያታችን እንዲህ ነው። በተረት ውስጥ «አስማት» ቢባል ወይም «ምትሃት» ቢባል በቃሉ ምክንያት የሚከስር ሰው የለም፤ አድማጩ ከአገባቡ ይረዳዋል። በዚህ ጨዋታ ግን በካርታው ላይ የተጻፈው ቃል ሕግ ነው። አንዲት ቃል ብትላላ ከሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ ያለአግባብ ይሸነፋል። ስለሆነም የጨዋታው ባለቤቶች ቃላቸውን እንደ ዳኛ ሲመረምሩና ሲያርሙ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቈይተዋል። የቃላት ሥራ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ መፈተኛ በቀላሉ አይገኝም።

ጨዋታውን የፈለሰፈው ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ምሁር ሲሆን፣ «ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት» የተባለው ድርጅት በ1993 እ.ኤ.አ. አሳትሞ ለገበያ አቀረበው። በመጀመሪያው እትም 295 ልዩ ልዩ ካርታዎች ነበሩ። እንደምናውቀው የ52 ካርታ ጨዋታ ሁሉም ሰው ተመሳሳይ ካርታ በውዞ የሚጫወተው አይደለም፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ካርታዎቹን ገዝቶና ተለዋውጦ የራሱን ጥቅል ያዘጋጃል። ሁለት ሰዎች እንደ ሁለት ጠቢባን ተቀምጠው ይጋጠማሉ፤ እያንዳንዱ በ20 የሕይወት ነጥብ ይጀምራል፤ ከመሬት ካርታዎች ኀይል እየቀዳ ፍጡራንን ይጠራል፣ በባላጋራው ላይም ልዩ ልዩ ሥራ ይሠራል። አንዳንዱ ካርታ ሥራውን እንደ ፈጸመ «መቃብር» ወደሚባለው ስፍራ ይጣላል። ኢንቻንትመንት ግን አይጣልም። የሚያፈርሰው እስኪመጣ ድረስ ከጠረጴዛው ላይ ይቈያል፤ እስከ ቈየም ድረስ ይሠራል። መለያ ጠባዩ ይህ መቈየቱ ነው፤ ለአማርኛው ቃል ስንመርጥም ከዐይናችን ልናርቀው የማይገባ ይህ ነው።

በእያንዳንዱ ካርታ መካከል፣ ከሥዕሉ በታች፣ የካርታውን ዐይነት የሚናገር አንድ መስመር አለ። በ1993ቱ እትም ለብቻው ቆሞ ጨዋታውን ሁሉ የሚነካው ዐይነት «ኢንቻንትመንት» ተብሎ በስም ተጻፈ። በአንድ ነገር ላይ ተለጥፎ የሚኖረው ግን በስም ሳይሆን በትእዛዝ ግሥ ተጻፈ፦ «ኢንቻንት ክሪቸር» (ፍጡር ላይ ድገም)፣ «ኢንቻንት ላንድ» (መሬት ላይ ድገም)፣ «ኢንቻንት ዎል» (ግንብ ላይ ድገም)። በራሱ በኢንቻንትመንት ላይ የሚለጠፍም ስለ ነበረ «ኢንቻንት ኢንቻንትመንት» የሚል ጽሑፍ ታተመ፤ በአማርኛ «ድግምት ላይ ድገም» እንደ ማለት ነው።

የዚህ አጻጻፍ ጉድለት በቶሎ አልታየም። መስመሩ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራ ነበር፦ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ይሰይማል፣ የት እንደሚያርፍም ያዝዛል። ሁለቱ ሥራ በአንድ ቃል እስከ ተጣመረ ድረስ ማረፊያው በተለወጠ ቍጥር ስሙም መለወጥ ነበረበት። ይህን ከሁሉ አጕልቶ ያሳየው «አኒሜት ዴድ» የተባለው የመጀመሪያው እትም ካርታ ነው። ካርታው በመቃብር የተጣለ ፍጡር አንሥቶ ወደ ጨዋታው ይመልሳል፤ በዐይነት መስመሩም ላይ «ኢንቻንት ዴድ ክሪቸር»፣ ማለትም «የሞተ ፍጡር ላይ ድገም» ተብሎ ታተመ። ነገር ግን ፍጡሩ በተነሣ ጊዜ የሞተ መሆኑ ይቀራል። የሞተ ካልሆነ ደግሞ ካርታው የሚያርፍበት የለውም፤ ማረፊያ ያጣ ካርታ ወድቆ ይጣላል፤ እርሱ ሲወድቅም ያነሣው ፍጡር መልሶ ይሞታል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ነገሩን በአእምሮአቸው ያስተካክሉት ነበር እንጂ ቃሉ ራሱን በራሱ የሚያፈርስ ነበር። በኋላ ሕጉ በጥብቅ ሲጻፍ ካርታው ከተነሣው ፍጡር ጋር የሚያያዝበት አዲስ ማረፊያ እንደሚያገኝ በረጅም ዐረፍተ ነገር ማስረዳት ግድ ሆነ። ሁለት መስመር የማይሞላ ሐሳብ አንቀጽ ሙሉ ማብራሪያ ጠየቀ ማለት ነው።

በ1994 እ.ኤ.አ. «ሌጀንድስ» በተባለው እትም «ኢንቻንት ወርልድ» (ዓለም ላይ ድገም) የሚል ዐይነት ተጨመረ። ከዚህ ዐይነት በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ይቆማል፤ ሁለተኛው ሲመጣ ፊተኛው ይፈርሳል። ሐሳቡ የሚያምር ነው፤ ቃሉ ግን ሌላ ውጥንቅጥ ፈጠረ። «ዓለም» የሚባል ካርታ በጨዋታው ውስጥ የለምና፣ በግሡ የታዘዘው ማረፊያ በእውነት ማረፊያ አልነበረም። እንዲህም ሆኖ አንዱ «ኢንቻንት» የሚለጠፍ፣ ሌላው «ኢንቻንት» የማይለጠፍ ሆነ። ተጫዋቾችና ሕግ አብራሪዎች ችግሩን ለመሸፈን «ሎካል» (የአንድ ስፍራ) እና «ግሎባል» (የሁሉ) የሚሉ ቅጽሎችን ይጠቀሙ ጀመር፤ እነዚህ ቅጽሎች ግን በካርታው የዐይነት መስመር ላይ አልነበሩም። ሰው የሚናገረው ቃል ሌላ፣ የተጻፈው ሕግ ሌላ ሆኖ ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ታለፈ።

እርማቱ የመጣው በ2005 እ.ኤ.አ. በዘጠነኛው መሠረታዊ እትም ነው። ከዚያ ወዲህ የሚለጠፉት ሁሉ «ኢንቻንትመንት — ኦራ» ተባሉ። ቀድሞ በስም ቦታ ተቀምጦ የነበረው ግሥ ከዐይነት መስመሩ ወርዶ ከሕጉ ጽሑፍ ጋር ተቀመጠ፤ «ኢንቻንት ክሪቸር» የሚለው አሁን የካርታው ስም ሳይሆን ማረፊያውን የሚወስን አንቀጽ ነው። ዓለምን የሚነካውም «ወርልድ ኢንቻንትመንት» ተብሎ ወደ ስም ተመለሰ። ስሙ ከግሡ መለየቱ ምን ያህል እንደ ጠቀመ ከዚያ በኋላ ታይቷል፦ በ2011 በተጫዋቹ በራሱ ላይ የሚያርፍ «እርግማን» የተባለ ንኡስ ዐይነት፣ በ2013 ደግሞ ፍጡርም ኢንቻንትመንትም የሆነ ካርታ ሲወጣ የቈየው ስያሜ ሳይናጋ ሁለቱንም ተሸከመ። «ኦራ» ከግሪክ በላቲን በኩል የመጣ ቃል ሲሆን ጥንተ ፍቺው ነፋሻ አየር ማለት ነው። በእኛ አስተያየት ለነገሩ የሚስማማ ምርጫ አይደለም፤ የተጣበቀና የታሰረ ነገር በነፋስ ስም መጠራቱ አይገጥምም። ሆኖም እንግሊዝኛው ወደደው።

ሌሎች ቋንቋዎች ምን አደረጉ? ጨዋታው ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጣልያንኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ፣ በኋላም በስፓንኛና በሌሎች ቋንቋዎች ታትሟል። ጣልያንኛው «ኢንካንቴሲሞ»፣ ፈረንሳይኛው «አንሻንትማን»፣ ስፓንኛው «ኤንካንታሚየንቶ» አሉ፤ ሦስቱም ከእንግሊዝኛው ጋር ከአንድ የላቲን ግሥ፣ «ኢንካንታሬ» ከሚለው፣ የወጡ ናቸው። ግሡ በአንድ ነገር ላይ መዝፈን ወይም ማዜም ማለት ነው። ጀርመንኛው ግን «ፈርዛውበሩንግ» ሲል ዜማውን ትቶ ኀይሉን ብቻ ያዘ። «ሶርሰሪ» የተባለው ሌላው የካርታ ዐይነት ሲመጣ ደግሞ መንገዳቸው ይበልጥ ተለያየ፦ ጣልያንኛውና ጀርመንኛው ከጠንቋይ ሴት ስም ቃል አወጡ፣ ፈረንሳይኛው «ሥርዓት» የሚል ቃል መረጠ፣ ስፓንኛው ከመሐላ ሥር የወጣ ቃል ወሰደ። ከዚህ የምንረዳው እያንዳንዱ ቋንቋ ባዕዱን ቃል በቃሉ ሳይሆን በገዛ ጓዳው ባገኘው ዕቃ እንደ ተቀበለው ነው።

ጨዋታው በአማርኛ ታትሞ አያውቅም። የእኛ ጓዳ ግን ባዶ አይደለም፤ እንዲያውም ችግሩ ዕቃው መብዛቱ ነው።

ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያነሣው «አስማት» የሚለውን ነው። «አስማት» በግእዝ የ«ስም» ብዙ ቍጥር ሲሆን ፍቺው «ስሞች» ማለት ነው። በጸሎት መጻሕፍትና በክታብ ላይ የሚጻፉት ኅቡኣን ስሞች ኀይል አላቸው ተብሎ ስለሚታመን፣ በአማርኛ ቃሉ ከስሞቹ አልፎ የስሞቹን ሥራ፣ በመጨረሻም ማንኛውንም ከተፈጥሮ ሕግ የወጣ ሥራ የሚያመለክት ሆነ። እንግዲህ «አስማት» ጠቅላላ ቃል ነው። ጨዋታው ራሱ «ማጂክ» ተብሎ ስለሚጠራ ለዚያ ይስማማል፤ ለአንድ የካርታ ዐይነት ብንሰጠው ግን ለጠቅላላው የሚቀር ቃል አይኖረንም።

«ምትሃት» የሌለውን ያለ አስመስሎ ማሳየት ነው። ኢንቻንትመንት ግን የዐይን ማታለል አይደለም፤ የተደገመበት ፍጡር በእውነት ይበረታል፣ ወይም በእውነት ይታሰራል። «ጥንቆላ» የወደፊቱን ወይም የተሰወረውን መናገር ስለሆነ ከጉዳዩ ውጭ ነው። «አዚም» ሰውን የሚያፈዝና የሚያደነዝዝ ስለሆነ አንዱን ወገን ብቻ ይገልጻል፤ ፍጡርን ለሚያጠነክር ካርታ «አዚም» ብንል አንባቢው ይስቃል።

«መተት» ላይ ግን ጥቂት ቆም ማለት ይገባናል። ቃሉ ክፉ ሥራን ብቻ የሚያመለክት ነው፤ ከዚህም በላይ የክስ ቃል ነው። በአገራችን «መተተኛ» መባል ቀልድ አይደለም፤ ጎረቤት ያራርቃል፣ ትዳር ያፈርሳል። አማርኛ ተናጋሪ ወላጅ፣ በአዲስ አበባም ይሁን በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ፣ ልጁ በያዘው ካርታ ላይ «መተት» የሚል ቢያነብ ካርታውን ቢቀማው አንፈርድበትም። ይህ ፍርሃት የእኛ ብቻም አልነበረም። ከመጀመሪያው እትም ካርታዎች አንዱ «አንሆሊ ስትሬንግዝ» (ያልተቀደሰ ብርታት) ሲሆን በሥዕሉ ላይ ከሰውየው በስተጀርባ የሚነድ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ነበረበት። በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው አራተኛ እትም ሥዕሉ ሳይለወጥ ኮከቡ ብቻ ተሰርዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህም እስከ 2002 ድረስ አሳታሚው «አጋንንት» የሚለውን ቃል በአዳዲስ ካርታዎች ላይ ከማተም ተቈጥቦ ቈየ። በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዘረኛ ወይም የባህል ንቀት ያለባቸው ተብለው ሰባት የቀድሞ ካርታዎች ከውድድር ታገዱ፤ ከሰባቱ አራቱ ኢንቻንትመንቶች ነበሩ። የካርታ ቃል ከጠረጴዛው ተነሥቶ ወደ ሰው ኑሮ እንደሚሻገር አሳታሚው ራሱ የተቀበለው ነገር ነው።

የቀረን «ድግምት» ነው። ሥሩ «ደገመ» ነው። ግሡ በአንድ ፊት ሁለተኛ ጊዜ ማድረግን፣ በሌላ ፊት ደግሞ በቃል ማነብነብን ያመለክታል፤ «ዳዊት ደገመ» ስንል መዝሙሩን አነበነበ ማለታችን ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ከላይ ያልነውን የላቲን ግሥ እንዲያስታውስ እንፈልጋለን። ላቲኑ በነገሩ ላይ አዜመ ይላል፣ አማርኛው በነገሩ ላይ ደገመ ይላል፤ ሁለቱም ኀይሉን ያገኙት ከአፍ ከሚወጣ ቃል ነው። አንዱ ከሌላው አልተዋሰም፤ ሆኖም መንገዳቸው አንድ ነው። ለባዕድ ቃል ከዚህ የቀረበ አቻ ማግኘት ብርቅ ነው።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። በጨዋታው ውስጥ «ስፔል» የሚባል ሌላ ቃል አለ፤ ከመሬት በቀር ማንኛውም ካርታ ከእጅ ወጥቶ ሥራው እስኪጸና ድረስ «ስፔል» ይባላል። ጥንተ ፍቺው በእንግሊዝኛ ንግግር ወይም ወሬ ማለት ነው። «ድግምት» ለዚህ ይበልጥ አይቀርብምን? ይቀርብ ነበር፣ አማርኛ ከዚያው ሥር ሁለተኛ ስም ባይኖረው ኖሮ። «ድጋም» አለን። «የዳዊት ድጋም» ሲባል የንባቡ ሥራ፣ ንባቡ ሲካሄድ ያለው ነገር ነው፤ «ድግምት» ሲባል ደግሞ ከንባቡ በኋላ በሰው ወይም በነገር ላይ የሚቀረው ነው። «ድግምት አለበት» እንላለን፤ «ድጋም አለበት» ግን አንልም። እንግዲህ «ስፔል» ድጋም፣ «ኢንቻንትመንት» ድግምት ይሁን። «ድጋሙ ሲጸና ድግምት ይሆናል» የሚለው ዐረፍተ ነገር የጨዋታውን አንድ ዋና ሕግ በአራት ቃል ይናገራል፤ እንግሊዝኛው ይህን ዝምድና በሁለት ባዕዳን ሥሮች ሊያሳይ አይችልም። የቀሩትን ባጭሩ ለማለፍ፦ «ሶርሰሪ» ለተባለው የግእዙን «ሥራይ»፣ «ኢንስታንት» ለተባለው «ቅጽበታዊ» ብንል የሚበቃ ይመስለናል።

ወደ «ኦራ» እንምጣ። በፊደል ገልብጦ መጻፍ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የላቲን ፊደሉን የተከተለ ሰው «አውራ» ብሎ ይጽፈዋል፣ አማርኛ አንባቢም አውራ ጎዳና ወይም አውራ ዶሮ ትዝ ይለዋል። ትርጕሙን ተከትሎ «ነፋስ» ማለትም ከንቱ ነው። እኛ የምናቀርበው «ክታብ» ነው። «ከተበ» ጻፈ ማለት ነው (በቆዳ ላይ መቅረጽን ይዞ «ክትባት» የወጣውም ከዚሁ ነው፤ መርፌና ክታብ የአንድ ግሥ ልጆች መሆናቸውን የጤና ባለሙያዎቻችን ቢያውቁት ደስ ይላቸው ይሆናል)። ክታብ ለአንድ የታወቀ ሰው ይጻፋል፤ የክርስትና ስሙ በጽሑፉ ውስጥ ይገባል፤ የብራና ጥቅሉ ቁመትም ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይደረግ ነበር። ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የቀድሞው ስም ተፍቆ የአዲሱ ስም የተተካባቸው ጥንታዊ ክታቦች አሉ። ጨዋታው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፦ በታወቀ ማረፊያ ላይ የሚታሰር፣ ከማረፊያው ጋር የሚኖር፣ ማረፊያው ሲጠፋ የሚጣል፣ አንዳንድ ጊዜም ከአንዱ ተፈትቶ ለሌላው የሚተላለፍ። «ሌጀንድስ» በተባለው እትም ለዚህ ማስተላለፍ ብቻ የተሠራ ካርታ አለ።

ክታብ ለጥበቃ ይታሰራል እንጂ ለጉዳት አይታሰርም የሚለን ሰው እውነት አለው። ኦራ ግን ለሁለቱም ነው። እዚህ ላይ የአማርኛ ግሥ ይረዳናል፣ ያስቸግረናልም። «ደገመለት» ስንል ለበጎ ነው፣ «ደገመበት» ስንል ለክፉ ነው፤ ግሡ በባሕርዩ ወገን ይይዛል። የካርታ ሕግ ግን ወገን ሊይዝ አይችልም፤ የሚያጠነክረውም የሚያስረውም በአንድ ቃል መጻፍ አለበት። «ታሰረበት» የሚለው ስፍራን ስለሚያመለክት («ፈረሱ የታሰረበት ግንድ» እንደምንለው) ከ«ደገመበት» ይልቅ ገለልተኛ ነው፤ ስለዚህ በሁሉም ካርታዎች ላይ «የታሰረበት» ብቻ እንዲጻፍ፣ «የታሰረለት» እንዳይገባ እናሳስባለን።

ለመፈተን አንድ ካርታ እንውሰድ። «ፓሲፊዝም» በ1996 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ምድር ሐሳብ በተቀዳው «ሚራዥ» በተባለው እትም መጀመሪያ የወጣ ነጭ ካርታ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ታትሟል። ሥራው ቀላል ነው፤ ፍጡሩን አይገድለውም፣ ከጦርነት ያግደዋል እንጂ። በምናቀርበው ቃል ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

ድግምት — ክታብ። በፍጡር ላይ ይታሰራል። ክታቡ የታሰረበት ፍጡር ማጥቃትም መመከትም አይችልም።

ስሙ፣ ማረፊያውና ሥራው በሦስት ቦታ ተለይተው ተቀምጠዋል፤ እንግሊዝኛው እስከ 2005 ድረስ ያልደረሰበት ቅደም ተከተል ነው። «አኒሜት ዴድ» እንኳ «በመቃብር ባለ ፍጡር ላይ ይታሰራል፤ ፍጡሩ ሲነሣ ከተነሣው ጋር እንደ ታሰረ ይቈያል» ቢባል ይገባል።

ድግምትን የሚያፈርሰው «ዲስኢንቻንት» የተባለ ካርታም በመጀመሪያው እትም ነበረ። ለእርሱ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። ዛሬ «መፍትሔ» ስንል የሒሳብ ወይም የአስተዳደር ችግር መልስ ይታየናል፤ የጥንቱ ፍቺ ግን መፍቻ፣ የታሰረውን የሚፈታ ማለት ነው፣ «መፍትሔ ሥራይ» የተባለውም የታወቀ ጸሎት ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ካርታውን «መፍትሔ» ብንለው ክታብ ይታሰራል፣ መፍትሔ ይፈታዋል።

ያልጨረስነው «ማና» የሚለው ቃል ነው፤ ከመሬት ካርታ የሚቀዳው ኀይል መጠሪያ ሲሆን ምንጩ የፓሲፊክ ደሴቶች ሕዝቦች ቋንቋ ነው። «መና» ብለን ብንጽፈው አንዱ አንባቢ የእስራኤልን የምድረ በዳ እንጀራ፣ ሌላው «መና ቀረ» የሚለውን ያስባል። «ኀይል» ብንለው ደግሞ ከፍጡራን ብርታት ጋር ይጋጫል። አንባብያን የሚያውቁት የገጠር ወይም የሙያ ቃል ካለ ቢልኩልን ከሚቀጥለው የቃላት ዝርዝር ጋር እንመረምረዋለን።